ቀ፣ በ እና የማላውቃት ፊደል

ባለፈው ሳምንት ጀሞ የታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ ሳለ አጠገቤ የተቀመጠ ጫማ አዳሽ የማስቲሽ ቆርቆሮውን ከፈተ። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እጄ ሳላዘው ወደ ጎን ተዘረጋ፤ የአያቴን ኮት ጫፍ ፍለጋ ነው። አያቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ወረፋው ሲንቀሳቀስ እኔ እዚያው ቀረሁ። ከኋላዬ የነበረች ልጅ "እናት፣ አይገቡም እንዴ?" አለችኝ። "ግቢ፣ እኔ ሰው እየጠበቅኩ ነው" አልኳት።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ጫማ ሠሪ ነበር። አርመን ነው፤ በልጅነቱ ከአገሩ የወጣ፣ በየት በየት ዞሮ አዲስ አበባ የደረሰ፣ አማርኛን ከደንበኞቹ አፍ የተማረ ሰው። ሰፈርተኛው "ሙሴ ሃጎፕ" ይለዋል፣ እኔ "ዴዴ" እለዋለሁ። በእሱ ቋንቋ ሴትና ወንድ በአነጋገር ስለማይለይ ሁላችንንም "አንተ" ነበር የሚለን፤ እኔንም፣ እናቴንም፣ ከላፍቶ ወተት የምታመጣልንን አዴ ጫልቱንም። "ቀ" ደግሞ ጨርሶ አይወጣለትም፣ "ከ" ይላታል። እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። "ፖክሪግ" ነበር የሚለኝ። ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። ስሜ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት፤ ሰው የገዛ ስሙን ትርጉም ይጠይቃል እንዴ?

የማወራው ስለ አንድ ክረምት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። መሠረተ ትምህርት የተጀመረበት ሰሞን ነው፤ አባቴ ከቤት ከወጣ ደግሞ ግማሽ ዓመት አልፎታል።

አባቴ የስልክ ምሰሶ ላይ የሚወጣ የመስመር ሠራተኛ ነበር። ሰፈራችን ለምን ንፋስ ስልክ እንደተባለ ስጠይቀው "እዚህ የሚደውለው ንፋሱ ራሱ ነዋ! ጆሮሽን ምሰሶው ላይ ለጥፊ፣ ሩቅ ያለ ሰው ሲያወራ ትሰሚያለሽ" አለኝ። ለጠፍኩ። እውነትም እንጨቱ ውስጥ አንድ ነገር ያጉረመርማል። ዴዴ ያወጣልኝንም ስም ወስዶ የራሱ አደረገው፤ "ፖክሪጌ" ይለኝ ነበር። ያቺን "ጌ" የሚጨምርልኝ በዓለም ላይ እሱ ብቻ ነው።

በበጋው አንድ ቅዳሜ ሁለት የቀበሌ ሰዎች መጥተው "ለጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል" ብለው ይዘውት ሄዱ። እናቴ በየቀኑ ምግብ ይዛ ቀበሌ ትመላለስ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ምሳ ዕቃውን እንደሞላ ይዛው ተመለሰች። "ተዛውሯል ተባልኩ" አለች። እኔ ደስ አለኝ። የጎረቤታችን ሰውዬ ወደ አዋሳ ተዛውሮ በዓመቱ አናናስ ይዞ መጥቶ ነበርና፣ አባቴ ከተዛወረበት ምን ይዞልኝ እንደሚመጣ አስብ ጀመር።

ዴዴ አንድ መጽሐፍ ነበረው። ሌሎችም ነበሩት፤ ቤት ለቤት በተፈተሸበት በአሰሳው ጊዜ እናቴ ፈርታ የውጭ ፊደል ያለበትን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ይህችን አንዷን ዴዴ አንድ ደንበኛ ሠርቶለት ሳይወስደው በቀረ ቦት ጫማ ውስጥ ሸሽጎ አተረፋት። መዳፍ የምታክል፣ ወፍራም፣ በልጅነቱ ማንበብ የተማረባት መጽሐፍ ናት። ሽፋኗ ተገንጥሎ ስለጠፋ በቀይ ቆዳ አልብሶ፣ በሰም በታሸ ክር ሰፍቶ፣ ጀርባዋን በማስቲሽ ለጥፏታል። መጽሐፍ ሁሉ እንደዚያ የሚሸት ይመስለኝ ነበር።

በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ መዶሻውን ያስቀምጣል፣ እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ የሥራ ክፍሉን በር ይዘጋል። ከዚያ ድምፆቹ ይጀምራሉ። መጀመሪያ የምትመጣው ቀጭን የሴት ድምፅ ናት፤ ምስር የምትለቅም ይመስል ቃሉን አንድ በአንድ እያነሳች ታስቀምጣለች። ቀጥሎ የሚያስል ሽማግሌ አለ። ከሁሉም የምፈራት ግን ሦስተኛዋን ነበር። ሦስተኛዋ ልጅ ናት፤ የእኔ እኩያ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ትጠፋለች፣ ሲያባራ ደግሞ ያለማቋረጥ ስታወራ እንደቆየች ትሰማለች። በመሃል ሌላውን ሁሉ ታቆምና ጥርት አድርጋ "ፖክሪግ!" ትላለች። እኔን እኮ ነው የምትጠራው።

አንድ ቀን ወለሉ ላይ ተኝቼ በበሩ ሥር አየሁ። የዴዴ ጫማ ይታያል። አንድ ጥንድ ብቻ። ውሻችን ቦቢ እንኳ በዚያ ሰዓት በረንዳውን ለቅቆ ዝናብ ላይ መቆም ይመርጥ ነበር።

አዴ ጫልቱ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወተት ይዛ መጥታ ድምፆቹን ሰማች። ጣሳዋን መሬት አስቀመጠች።

"ያ ዋቅ! ማን ነው ከሙሴ ጋር ያለው?"

"ማንም የለም" አልኳት።

"ስሚ ልጄ፣ እኔ የሰው ቤት ነገር ውስጥ አልገባም። ግን ስምሽን ሲጠሩሽ፣ የጠራሽን ሰው በዓይንሽ ሳታዪ አቤት እንዳትዪ። አቤት ካልሽ ይዘውሽ ነው የሚሄዱት።"

ይህን እናቴም ብላኝ ታውቃለች፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። አዴ ጫልቱ ስትለው ግን አመንኩት። ልጅቷ በየቀኑ ትጠራኛለች፤ እኔም በየቀኑ በሁለት እጄ አፌን ይዤ ዝም እላለሁ።

በመጨረሻ ፍርሃቱ ራሱ ሰለቸኝና በሩን ገፋሁት። ዴዴ መነጽሩን አድርጎ፣ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ብቻውን ተቀምጧል።

"ዴዴ፣ ማን ነበር?"

አልተቆጣኝም። "ና፣ እዚህ ሁን" አለኝና ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠ። "ይሄ የእናቴ ነው። ይሄ የአስተማሪዬ። ይሄ መጀመሪያ ያለው የእህቴ ነው። ልጅ ሆኜ በተራ ያነበበልኝ እነሱ ነው።"

"አሁን የት ናቸው?"

"ሞተ። ሁሉም ሞተ። ፎቶ የለ፣ መቃብር የለ። ያለው ድምፁ ብቻ ነው፣ እሱም እዚህ ነው ያለው" ብሎ ጉሮሮውን ነካ። "በራሴ ድምፅ ካነበብኩ የእነሱ ይጠፋል። ስለዚህ በየቀኑ አፌን አውሳለሁ።"

ነገሩ ጨዋታ መሰለኝ። "እንግዲያው የእኔን ድምፅ አድርገህ አንብብ" አልኩት።

ፊቱ ባንድ ጊዜ ተለወጠ። መጽሐፉን ዘጋው። "አይሆንም! ሁለተኛ እንዳትል። በሕይወት ያለ ሰው የራሱ አፍ አለው። እኔ ለሞተ ብቻ ነው የማውሰው።"

"የአባዬንስ?"

ዴዴ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ሲጠርግ ቆየ። "አባትህ የራሱ አፍ አለው" አለኝ በመጨረሻ። "ሲመጣ ራሱ ያነባል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስር ሰዓት ላይ በሩ ሥር የምቀመጠው ድምፅ ልቆጥር ነበር። እናት፣ አስተማሪ፣ እህት። ሦስት ከሆኑ አባቴ አለ ማለት ነው። ቆጥሬ ስጨርስ ተንፍሼ እነሳለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሐምሌ ሲገባ አንዲት የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ቤት ለቤት እየዞረች መዝጋቢ ሆና መጣች። ሰብለ ትባላለች፤ ራሷ ገና ተማሪ ናት፣ ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል።

"ሙሴ፣ ማንበብና መጻፍ ይችላሉ?"

"እንዴታ!" አለ ዴዴ፣ ቅር ብሎት።

"እስቲ ይህችን ያንብቡልኝ" ብላ የፊደል መማሪያ መጽሐፏን ሰጠችው። አራቀው፣ አቀረበው፣ መነጽሩን ቀና አደረገ።

"ይሄን አይደለም" አለ።

"እንግዲያው ማይም ብዬ መመዝገቤ ነው።"

"ማይም ምንድን ነው?"

"ማንበብ የማይችል ሰው።"

ዴዴ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ በመሃል ተቆረጠና "ጻፍ፣ ጻፍ" አላት። እሷም ጻፈች።

ትምህርቱ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ነበር። እናቴ ፋብሪካ ስለምትውል ዴዴ እኔን ይዞኝ ይሄዳል። ከረባቱን አስሮ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ከላፍቶ ገበሬዎች መሃል አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አዴ ጫልቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች።

"ሙሴ! እርስዎም እንደኛ ዕውር ነዎት?"

"እኔ በሌላው ዓይን አያለሁ" አላት።

አንድ ቀን ሰብለ ሰሌዳው ላይ ሦስት ትልልቅ ፊደሎች ጻፈች። ቀ፣ በ፣ ሌ። "ቀበሌ!" አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። "ከበሌ!" አለ ዴዴ፣ አንድ እርምጃ ዘግይቶ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅኩም። ሰሌዳው ላይ አፍጥጬ ቀርቻለሁ። ክብ ሆኖ መሃሉን በዱላ የተሰነጠቀው፣ እና ደፍ የሌለው በር የሚመስለው፤ እነዚህን ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። ያየኋቸው ግን የት ነው?

በማግስቱ ዴዴ ከምሳ በኋላ ሲያሸልብ መጽሐፉን ከቦት ጫማው አወጣሁት። መጀመሪያው ገጽ ላይ፣ የእህቱ ንባብ ከሚጀምርበት በላይ፣ በትልቁ ተጽፏል። ክብና ዱላ፣ ቀ። ደፍ የሌለው በር፣ በ። ሦስተኛዋ እግሯ በመስቀል የተሻገረ፣ ከማውቃቸው የማትመስል ፊደል ናት። የአገሩ ሰዎች "ሌ"ን እንደዚህ ይጽፏታል ብዬ ደመደምኩ። ከእሷ በኋላ ሌሎች ምልክቶች ነበሩ። ቀበሌ ከተባለ በኋላ የሚመጣው ቁጥሩ ነው፤ ይህንን ሕፃን ልጅም ያውቃል።

የዴዴ እህት ክረምቱን ሙሉ በስሜ ስትጠራኝ የከረመችው ለካ ይህን ልትነግረኝ ነው። አባቴ የትም አልተዛወረም። ያለው ቀበሌ ነው፤ የትኛው ቀበሌ እንደሆነም ቁጥሩ ተጽፏል።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሰብለ "ቀበሌ የሚለውን ቃል ሌላ ቦታ ያየ አለ?" ብላ ጠየቀች። አንዱ "ማኅተም ላይ" አለ። አዴ ጫልቱ "የስኳር ካርዴ ላይ" አለች። እኔ እጄን አወጣሁ። ከተመዘገቡት ማይሞች አንዷ ስላልነበርኩ መናገርም አልነበረብኝም።

"በዴዴ መጽሐፍ ላይ አለ" አልኩ። "ቀበሌ ይላል። ከዚያ ቁጥሩ አለ። አባዬ ያለበት ቦታ ነው።"

አዴ ጫልቱ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ሰብለ ጠመኔውን እንደያዘች በሩን አየች፤ እኔም ዞርኩ። የቀበሌው ጸሐፊ መቃኑን ተደግፎ ቆሟል። ዴዴ እጄን አልለቀቀም።

"ሙሴ፣ ነገ ጠዋት መጽሐፉን ይዘው ይምጡ" አለ ጸሐፊው።

ያን ዕለት ማምሻውን እናቴ ለመነችው። "ተቃጥሏል በላቸው! አፈር ስሆን፣ የለም በል!"

"ልጁ አይቷል" አላት። "ልጁን ውሸታም ላድርገው?"

ያንን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አፌን ዘግቼ ብቀመጥ ኖሮ እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ ምን ታውቃለች እላለሁ። ሁለቱም አያሳርፈኝም።

ጠዋት ጸሐፊው ቢሮ ሄድን። እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

"የታለ ቀበሌ የሚለው?"

"ይሄ 'ከ' ይመስላል፣ ግን አይደለም" አለ ዴዴ በጣቱ እየጠቆመ። "ይሄ 'በ' ይመስላል፣ አይደለም። ፖክሪግ ነው የሚለው።"

"ፖክሪግ ምንድን ነው? የድርጅት ስም ነው?"

"ትንሹ ማለት ነው። ሰው ልጅ ሲጠራ።"

"ማን ነው ትንሹ?"

"እሱ" አለ ዴዴ፤ ጣቱን በበሩ ክፍተት ወደ እኔ ዘረጋ።

ጸሐፊው አየኝ። ስሜ ነበር። ያ ሁሉ ቀበሌ፣ ያ ሁሉ ቁጥር፣ የእኔ ስም ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"የዚች ልጅ አባት ማን ይባላል?" ሲል ሰማሁት። ዴዴ የአባቴን ስም ነገረው። መዝገብ ተከፈተ፣ ወረቀት ተገለጠ፣ እንደገና ተገለጠ። ከዚያ ጸሐፊው ተነስቶ መጣና በሩን ዘጋው። ቢያላጋው ኖሮ ባልፈራሁ። ሕፃን የተኛበት ቤት ይመስል ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።

ዴዴ ሲወጣ መጽሐፉ የለም። "ይጣራል አለ" ብቻ አለኝ። ዝናቡ ይወርዳል፣ እሱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ባዶ ራሱን ይሄዳል። እጁን መስጠት ስለረሳ ኮቱን ይዤ ተከተልኩት፤ ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል።

እናቴ ፋብሪካ አልሄደችም ነበር። ሁለቱ ማድቤት ገቡና የቧንቧውን ውኃ ከፍተው ተነጋገሩ። ስትወጣ ዓይኗ ደረቅ ነው። የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠበች፣ ደግማም አጠበች። ከዚያ ራሴን አመመኝ አለች፤ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ልጠጋት ስል "ተጫወቺ፣ ሂጂ ተጫወቺ" አለችኝ።

አስር ሰዓት ሆነ። መጽሐፍ የለ፤ ዛሬ ምን ያደርጋል ብዬ ጠበቅኩ። ዴዴ እጁን በሳሙና ታጠበ። ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። በቁልፉ ቀዳዳ አየሁት፤ የመሠረተ ትምህርቱን መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል፣ ያውም ገልብጦ። ዓይኑ እሱ ላይ እንደተተከለ የእናቱ ድምፅ ጀመረ።

እንደ ወትሮዋ ቀስ ብላ ጨረሰች። አስተማሪው እያሳለ ተከተለ። ከዚያ ልጅቷ መጣች፣ "ፖክሪግ!" አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አልፈራኋትም፤ መጽሐፉ ላይ ያለውን ነው የምትለው። ሦስት። ተንፍሼ ልነሳ በእጄ ወለሉን ተመረኮዝኩ።

ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ትንሽ ቆይቶ ደገመ።

አባቴ መናገር ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ሁለቴ ነበር የሚጠርገው።

ከዚያ አንድ ጎልማሳ ድምፅ ማንበብ ጀመረ። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ንባብ ነው፤ ይሰናከላል፣ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቦቢ ከዝናቡ ወጥቶ፣ ፀጉሩ ውኃ እያንጠባጠበ፣ በረንዳውን አቋርጦ መጣ። በሩን አሸተተና ጭራውን ይቆላ ጀመር። እኔ በሩ ሥር አየሁ። አንድ ጥንድ ጫማ።

አራት፣ ብዬ ቆጠርኩ። ያለቀስኩ አይመስለኝም። እናቴ ከወዲያኛው ክፍል ድምፅዋን እንደዋጠች ነበር፤ መንግሥት ለገደለው ሰው ልቅሶ እንደሚከለከል ያኔ አላውቅም ነበር።

ድምፁ ንባቡን አቆመ።

"ፖክሪጌ" አለ።

የአዴ ጫልቱን ነገር አልረሳሁትም። የጠራኝን ሰው በዓይኔ አላየሁትም። አፌን በሁለት እጄ ይዤ ነበር፤ እጆቼን አወረድኩ።

"አቤት አባዬ" አልኩት።